ቀትር ላይ አትክፈቺው

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ውሸት መጻፍ ብፈልግ ኖሮ መጨረሻው ላይ እኔ የማሸንፍበትን እጽፍ ነበር። ስለዚህ እመኑኝ።

ወሩ ኅዳር ነው፣ 2011 ዓ.ም.። ቦታው ደብረ ታቦር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው የእኔ ሱቅ። ሰዓቱ... ከቀኑ ስድስት።

ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ በሬ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ውጭ ረዳቶቹ «ጋይንት! ጋይንት!» እያሉ ሲጯጯሁ ነው።

እዚህ ቻናል ላይ የሚነገረው ሁሉ ሌሊት ነው የሚሆነው። የእኔ በጠራራ ፀሐይ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ቤዛዊት እባላለሁ። ይህ የዓለም ስሜ ነው። ስመ ክርስትናዬን አልነግራችሁም። ለምን እንደማልነግራችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ሥራዬ ላፕቶፕ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ ያሰበ ሰው ዕቃውን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ፈትቼ፣ መርምሬ፣ ይገዛ ወይም ይቅር እላለሁ። ለተንቀራፈፈው ራም እጨምርለታለሁ፤ አሮጌ ሀርድ ዲስኩን አውጥቼ ፈጣኑን ኤስኤስዲ አስገባለታለሁ፤ ባትሪ እቀይራለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ፣ የተጣለ እየፈታሁ፣ ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው ራሴን ያስተማርኩት።

ሌላው ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። የእኔ ግራ አውራ ጣቴ ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ቦርድ ስበይድ የጋለው ብረት ያረፈበት ጠባሳ... ማጭድ የመሰለ።

ምላሴም አይጣል ነው፣ አልክድም። አንድ መምህር እንደ እሳት የሚግል ላፕቶፕ አምጥቶ «ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» ቢለኝ፣ «ይህ ላፕቶፕ አይደለም፣ ምድጃ ነው። ድንች ጥበስበት» አልኩት። ከተማው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያቺ አባባል የእኔ ሆነች፤ ሰው ሊሰማት ብሎ የተበላሸ ዕቃ ይዞ ይመጣ ነበር።

ትዕቢተኛ ይሉኛል። ይበሉ። ወንድ ሲሆን «ሙያውን የሚያውቅ» ነው የሚሉት።

አንድ ጠዋት አንድ አባት ገቡ። ይሻው ይባላሉ። ቤታቸው ከጉና ሥር ነው፤ ብርዱ ጉንጫቸውን ልጦታል። አያ ይሻው ልጅ እንዳቀፈ ሰው ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተዋል።

«ቤዛዊት የምትባይው አንቺ ነሽ ልጄ?»

«ነኝ አባቴ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። ከጋቢው ውስጥ ላፕቶፕ አወጡ።

«የልጄ ነው። የሩት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር... ታማ መጣች። አትናገርም። ካላጎረሷት አትበላም። ቀኑን ሙሉ ይህን ከፍታ ማፍጠጥ ነው። ስሟን ብንጠራ ዞር አትልም።»

«እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም፣ አባቴ።»

«አውቃለሁ። ጸበሉም ሐኪሙም አልሆነላትም። እኔ የምልሽ... የዚህ ዕቃ ልቡ ይቀየር። ውስጡ ያለው ይውጣና አዲስ ይሁን። ምናልባት ይለቃት ይሆናል።»

ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ቀልዴን ዋጥኩት።

«ለካሳሁን አላሳዩትም?»

ካሳሁን ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ሰርተፍኬቱ የላፕቶፕ ጠጋኝ ነው። እኔን ሰላም የሚለኝ ሰው ሲያየው ብቻ ነው።

«አሳይቼው ነበር። አሳደረና መለሰልኝ። "እሷ ዘንድ ይውሰዱት" አለኝ።»

ደስ አለኝ። ምን እደብቃለሁ... ደስ አለኝ። ካሳሁን አቅቶት ወደ እኔ ሲልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አያ ይሻው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸውን አላዞሩም።

«ልጄ።»

«አቤት።»

«ቀትር ላይ... አትክፈቺው።»

«ምነው?»

«ብቻ አትክፈቺው።»

ሄዱ።

የቀትር ጋኔን! እናቴ ስታስፈራራኝ ያደግሁበት ነው። በቀትር ወንዝ አትውረጂ። በቀትር አመድ መድፊያ አጠገብ አትቁሚ። የማታዪው ሰው ስምሽን ቢጠራ በመጀመሪያው አቤት አትበይ፤ ሰው ከሆነ ይደግመዋል።

ሳቅሁ። ጋኔኑ ደግሞ መቼ ላፕቶፕ ተማረ?

በማግሥቱ ጠዋት ሥራውን ያዝኩት። ብቻዬን ነበርኩ። ከሱቁ ኋላ በመጋረጃ የተከፈለች ክፍል አለች፣ እኔና እናቴ የምንኖርባት። እናቴ ያን ሰሞን ጉልበቷን ፍል ውኃ ልትነክር ወንዛዬ ወርዳለች።

መጀመሪያ ዳሰስኩት።

የጠዋት ፀሐይ ያረፈበት ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ግን ይቀዘቅዛል... ከምንጭ ውስጥ እንደወጣ ድንጋይ።

ኪቦርዱን አየሁ። ኪቦርድ የባለቤቱን ጠባይ ይናገራል፤ የት ቦታ እንደተፋቀ አይቼ ጸሐፊ ይሁን ጌም ተጫዋች እነግራችኋለሁ። እዚህኛው ላይ ጥቂት ፊደላት ብቻ ጨርሰው ጠፍተዋል። የቀሩት እንደ አዲስ ናቸው። አንድ ቃል ብቻ... ሌት ተቀን ሲጻፍበት የኖረ ይመስላል።

አስነሥቼ ፋኑን ፈተንኩ። ፋን አየር ወደ ውጭ ነው የሚተፋው። እንደ ልማዴ ቁራጭ ወረቀት ወደ ቀዳዳዎቹ አስጠጋሁ።

ወረቀቷ ተገፋች።

ከዚያ... ተሳበች።

ተገፋች... ተሳበች... ቀስ እያለ። እንደተኛ ሰው።

«አቧራ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። ለማን እንዳልኩ አላውቅም።

አጠፋሁት። ብሎኖቹን ፈትቼ ሀርድ ዲስኩን አወጣሁ። ነቅነቅ ባደርገው ውስጡ ተንኮሻኮሸ። የሚሽከረከረው ሳህን ተሰባብሯል፤ ብትንትኑ ወጥቷል። እንዲህ የሆነ ዲስክ አንዲት ፊደል አያነብም።

ታዲያ ቅድም ዓይኔ እያየ የተነሣው... በምን ነው?

ይህን ጊዜ መተው ነበረብኝ። ሌላ ሰው ይተው ነበር። እኔ ግን ካሳሁን ፊት «አቃተኝ» ብዬ መንገዱን ልሻገር?

አዲስ ኤስኤስዲ ገጠምኩ። ራም ጨመርኩ። ባትሪውንም ኪቦርዱንም ለወጥኩ። ብሎኖቹን አጥብቄ ስጨርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል።

ጠበቅሁ።

አዎ፣ ሆን ብዬ። እጄን አጣጥፌ ስልኬ ላይ ሰዓቱን እያየሁ ጠበቅሁ። ልክ ስድስት ሲሆን ዊንዶውስ ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ ማስነሻውን ተጫንኩ።

ምንም አልሆነም። ደህና ተነሣ። ደህና ተጫነ። እንዲያውም ፈጠነ። መጨረሻ ላይ የተጠቃሚ ስም ሲጠይቀኝ፣ ለሰው ሁሉ እንደማደርገው በእንግሊዝኛ ፊደል «ደንበኛ» ብዬ ጻፍኩለት።

«የታል ጋኔንዎ፣ አያ ይሻው?» አልኩ እየሳቅሁ።

ያኔ የውጭው ድምፅ ጠፋ።

ረዳቶቹ ዝም አሉ። መኪኖቹ ዝም አሉ። በበሩ አያቸዋለሁ... አፋቸው ይንቀሳቀሳል።

ከመጋረጃው ኋላ ተጠራሁ።

በስመ ክርስትናዬ።

ያን ስም የሚያውቁት እናቴና የነፍስ አባቴ ብቻ ናቸው። ድምፁ የእናቴ ነው። ከመጥራቷ በፊት የምታስላት ትንሽ ሳል አለች... እሷም ሳትቀር።

«አቤት እማ!»

እኛ አገር እናት ተጣርታ ዝም አይባልም። በእርጥብ አርጩሜ ነው የተማርነው። ምላሴ ከልቤ ቀደመ።

ካልኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

እናቴ ወንዛዬ ናት።

መጋረጃውን ገለጥኩ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ምርኩዟ የለም። ነጠላዋ የለም። ማንም የለም።

ከኋላዬ... ከጠረጴዛው ላይ... አንድ ሰው በሹክሹክታ መለሰ።

«አቤት... እማ...»

የራሴ ድምፅ ነው።

የድምፅ ፕሮግራሙን ገና አልጫንኩበትም ነበር። ያ ላፕቶፕ ድምፅ ሊያወጣ አይችልም።

ስክሪኑን አየሁ። «ደንበኛ» ብዬ የጻፍኩበት ቦታ ላይ ስሜ ተቀምጧል። ስመ ክርስትናዬ። በአማርኛ ፊደል። አማርኛም አልጫንኩበትም ነበር።

ማጥፊያውን ተጭኜ ያዝኩ። አልጠፋም። ገልብጬ ባትሪውን መንጭቄ አወጣሁ። ስክሪኑ ጨለመ። የውጭው ጫጫታ ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ ፈሰሰ።

ቁራጯ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ናት። ቀስ ብላ... ወደ ቀዳዳዎቹ ተሳበች።

ስልኬ ጮኸ። ዘልዬ ግድግዳ ተጠጋሁ።

«ልጄ! ልጄ ቤዛዊት!» አያ ይሻው ናቸው። እያለቀሱ ይስቃሉ። «ተነሣች! ሩት አሁን በዚች ቅጽበት ተነሣች! "ራበኝ" አለች! እናቷን ስሟን ጠርታ "ዓለሚቱ" አለቻት! እግዜር ይስጥሽ... እግዜር...»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አልኩ።

በማግሥቱ መጥተው ወሰዱት። ሲመርቁኝ ዓይን ዓይኔን አላዩኝም። ደስታ ነው ብዬ ተውኩት።

እሑድ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ቄስ ሞላ ናቸው፣ ያጠመቁኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። መስቀላቸውን አንሥተው ሊጸልዩልኝ ጀመሩ... ስሜ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ስመ ክርስትናሽ... ማን ነበር?»

አፌን ከፈትኩ።

አልመጣም።

ተዉኝ፣ አትሳቁ። ከምላሴ ጫፍ የጠፋ ነገር አይደለም። ቦታው ራሱ ባዶ ነው። ጥርስ ሲነቀል ምላስ የሚያገኘው ዓይነት ጉድጓድ።

«አባ፣ እርስዎ አይደሉ ያወጡልኝ?»

«እኔ ነኝ እንጂ...» ግንባራቸውን ያሹ ጀመር። «እርጅና ነው ልጄ፣ እናትሽን ጠይቂያት።»

ማታውን እናቴ ከወንዛዬ ስትመለስ ደጅ ላይ ጠበቅኋት። ጓዟን ሳታወርድ ጠየቅኋት። ሳቀች። «አንቺ ጅል፣ ስምሽ ጠፋሽ?» ብላ አፏን ከፈተች።

አፏ እንደተከፈተ ቆየ።

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

ስሞት ቄሱ ማን ብሎ ይፈታኛል? በቤዛዊት አይፈታ። ስም የሌላት ነፍስ በየትኛው ስም ትጠራለች? እናቴ ይህን አላለችኝም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳታየኝ አታድርም፤ ዓይኔን እስክከድን እንደ ሕፃን ታየኛለች።

ሰኞ ሱቅ ከፈትኩ። አንዲት ልጅ የዘገየ ላፕቶፕ አመጣች፤ ቀላል ሥራ ነው፣ ራም መጨመር። የላላውን ክዳን አንሥቼ ውስጡን አየሁ።

የሰው ማጀት ሆነብኝ። ዕቃው ሁሉ አለ፤ የቱ የምን እንደሆነ አላውቅም። ካቻቢቴውን በእጄ ይዤ... በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ ጠፋኝ።

«ነገ ነይ» አልኳት። እኔ። «ነገ ነይ» ማለት የማላውቀው እኔ።

መንገዱን ተሻገርኩ።

ካሳሁን ሲያየኝ በሩን ገርበብ አደረገው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገረኝ።

«ጠራሽ?»

«አንተንም ጠርቶህ ነበር?»

«በእናቴ ድምፅ። በስመ ክርስትናዬ።»

«እና?»

«እናቴ ከሞተች ቆየች፣ ቤዛ። ስለዚህ... ዝም አልኩ።»

«እያወቅህ ነው ወደ እኔ የላክሃቸው?»

ጠረጴዛውን ይጠርግ ጀመር። ጠረጴዛው ንጹሕ ነው።

«እናትሽ በሕይወት አለች» አለ በመጨረሻ። «አቤት የሚል ሰው ነበር የሚፈለገው።»

ስድቤን ሁሉ ላወርድበት ፈለግሁ። አንድም አልመጣልኝም። ለካ እሱም ተወስዷል።

በማግሥቱ ክምር ድንጋይ ከተማ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሽቅብ ወጣሁ። ላፕቶፑን ላስመልስ ነው። ልሰብረው፣ ላቃጥለው፣ ምኑንም አላውቅ፤ ብቻ ስሜንና እጄን ይዤ ልመለስ። የገብሱን አዝመራ አልፌ ከግቢያቸው ስደርስ ፀሐይ አናቴ ላይ ነበረች።

ግቢው ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ታቅፏል። ከመሃል፣ ቀጭን ልጅ አጎንብሳ ትሠራለች። ጀርባዋ ወደ እኔ ነው። ብሎን ስትፈታ እጇ አይታይም... እንደዚያ ትፈጥናለች።

«ይህ ላፕቶፕ አይደለም» አለች ለአንዱ። «ምድጃ ነው። ድንች ጥበስበት!»

ሰዉ በሳቅ አወካ።

ድምፁ... የእኔ ነው።

አያ ይሻው አዩኝ። በፍጥነት መጥተው መንገዴን ዘጉት።

«ሂጂ ልጄ። በማርያም፣ ሂጂ።»

«ስሜን ይመልሱልኝ።»

«እኔ የማንንም ስም አልወሰድኩ። እኔ ልጄን ነው የመለስኩ።»

«ያውቁ ነበር!»

«ቀትር ላይ አትክፈቺው ብዬሽ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «ብዬሽ ነበር...»

«ብለውኛል።»

አንገታቸውን ደፉ።

«ያ ልጅ ነው የነገረኝ። ካሳሁን። "አደራ ክፈቺው ቢሏት አትከፍተውም" አለኝ። "አትክፈቺው ይበሏት... ትከፍተዋለች።"»

እውነቱን ነው። እኔን ከራሴ ይልቅ የሚያውቀኝ የሚጠላኝ ሰው ነው።

ያኔ ከቤቱ ውስጥ የልጅቱ እናት ተጣሩ።

የጠሩት ስም ሩት አይደለም።

ሰማሁት። የእኔ ነበር። የራስን ነጠላ በሰው ትከሻ ላይ አይቶ እንደማወቅ ነው። ሰማሁት፣ ጆሮዬ ላይ ደረሰ... ልይዘው ስል ሟሟ።

«አቤት!» አልኩ።

ማንም አልዞረም። ከፊቴ የቆሙት አያ ይሻው እንኳ።

«አቤት እማ!» አለች ልጅቱ።

ብድግ ብላ ወደ ቤቱ ዞረች። ፀሐይዋ ዓይኗን ስለወጋት ግራ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

አውራ ጣቷ ላይ ማጭድ የመሰለ ጠባሳ አለ።

የራሴን እጅ ቀስ ብዬ አነሣሁ...

አውራ ጣቴ ልስልስ ያለ ነው። እንደ ሕፃን ጣት።